አይስክሬማችሁን ለመጨረሻዋ ሱቅ ፍሪዘር ቀምሙት

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ ጋር አዲስ አበባ ውስጥ አነስተኛ አይስክሬም ማምረቻ ከከፈትን ሦስት ዓመት ሆነን። ዘጠኝ ሠራተኞች አሉን። ለ40 ያህል ሱቆችና ካፌዎች እናስረክባለን። እዚሁ ማምረቻው ውስጥ ሲቀመስ እንከን አይወጣለትም። ሱቅ ሄዶ ሁለት ሦስት ሳምንት ሲቆይ ግን ይሻክራል። ቅሬታው የበዛው ክሬም ተወዶብን የዱቄት ወተት ከጨመርን ወዲህ ነው። ወደ አዳማና ድሬዳዋ የምንልከው ደግሞ ኩባያው ውስጥ ጎድሎ ይገኛል። ደንበኞች «አጉድላችሁ ነው የምትሞሉት» ይሉናል። በዚህ ላይ ለዐቢይ ጾም የጾም አይስክሬም ማውጣት አስበናል። አቅማችን የሚፈቅደው አንድ ሰው ለመቅጠር ብቻ ነው። የጥራት ባለሙያ እንቅጠር ወይስ አዲስ ምርት የሚያወጣልን ሰው?

መልስ፦ እህቴ፣ የመጨረሻውን ጥያቄ ላስቀድም። የጥራት ባለሙያ ይቅጠሩ። አዲሱን ምርት ከዚያው ሰው ጋር አብራችሁ ታወጡታላችሁ። የጻፉልኝ ሦስት ችግሮች ማለትም መሻከሩ፣ መጉደሉና የጾሙ ነገር ሥረ መሠረታቸው አንድ ነው። አይስክሬማችሁ የተቀመመው ለእናንተ ፍሪዘር ነው። ደንበኛ የሚበላው ግን ከሱቅ ፍሪዘር አውጥቶ ነው። በመካከል ያለውን መንገድ የሚለካ ሰው የላችሁም። ይህ ሰው ሳይኖር አዲስ ምርት ማውጣት አሮጌውን ችግር በአዲስ ኩባያ መሙላት ነው።

ከመሻከሩ እንጀምር። አይስክሬም የሚሻክረው በሁለት ምክንያት ነው፤ መድኃኒታቸውም ለየቅል ነው። ስለዚህ አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል። ለዚህ ላቦራቶሪ አያሻም። ቅሬታ ከመጣባቸው ኩባያዎች አንዱን ይውሰዱ። በማንኪያ ጥቂት አፍዎ ውስጥ ያድርጉ። አያኝኩት። በምላስና በላንቃ መካከል ያዝ ያድርጉት። የሚሻክረው ነገር ወዲያው ቀልጦ ውሃ ከሆነ በረዶ ነው። አይስክሬሙ ሁሉ ቀልጦ አልቆ ምላስዎ ላይ እንደ ደቃቅ አሸዋ የሚንኮሻኮሽ ነገር ከቀረ ግን ላክቶስ ነው። ላክቶስ የወተቱ የራሱ ስኳር ነው። በብርድ በቀላሉ አይሟሟም። ሲበዛ ከድብልቁ ተለይቶ ክሪስታል ይሠራል።

እኔ ከሩቅ ሆኜ ስገምት ሁለቱም ያለባችሁ ይመስለኛል። የዱቄት ወተቱን መጨመራችሁ አሸዋውን አምጥቶታል። ቅባቱ የወጣለት የዱቄት ወተት ግማሹ ያህል ላክቶስ ነው። ክሬም ሲወደድ በእሱ ለመተካት መሞከር የብዙ አምራቾች ወጥመድ ነው። ዋጋው ይቀንሳል። በመጀመሪያው ሳምንት ጣዕሙ እንዲያውም ወፈር ብሎ ደስ ይላል። ከዚያ ግን ቀስ ብሎ አሸዋ አሸዋ ይላል።

ልኩን ለማወቅ ከድሮ ጀምሮ የሚሠራበት ቀላል ሒሳብ አለ። ከ100 ላይ የቅባቱን፣ የስኳሩንና የስታቢላይዘሩን (ውሃውን አስሮ የሚይዘውን ማርጊያ) መቶኛ ይቀንሱ። የቀረውን በ0.15 ያባዙ። የሚያገኙት ቁጥር ቅባት ያልሆነው የወተት ጠጣር፣ ማለትም ከወተቱ ውሃውና ቅባቱ ሲወጣ የሚቀረው፣ ሊደርስበት የሚገባው ጣሪያ ነው። ለምሳሌ ቅባት 10፣ ስኳር 15፣ ስታቢላይዘር 0.5 ቢሆን 74.5 ይቀራል። በ0.15 ሲባዛ 11.2 ይመጣል። ትኩስ ወተቱም፣ ክሬሙም፣ ዱቄቱም የየራሳቸው ጠጣር ስላላቸው ተደምረው ከ11.2 በመቶ ማለፍ የለባቸውም። በቀን በቀን የሚሸጥ ካፌ ትንሽ ቢያልፍ ችግር የለውም። ሱቅ ውስጥ ሳምንታት ለሚቆይ ግን ጣሪያው ጣሪያ ነው። ዛሬውኑ የራሳችሁን ፎርሙላ በዚህ ይፈትሹት። ካለፈ ዱቄቱን ይቀንሱ። በምትኩ ጠጣር ለመሙላት ከስኳሩ ከፊሉን በግሉኮስ ሽሮፕ መተካት ይቻላል።

አሁን ወደ በረዶው ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይበት፤ ምክንያቱም የአይስክሬም ነገር ሁሉ መነሻው ይህ ነው።

ከአይስክሬም ድብልቅ 60 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። ከማሽኑ ሲወጣ ሙቀቱ ከዜሮ በታች 5 ወይም 6 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። በዚያ ሰዓት በረዶ የሆነው የውሃው ግማሽ ገደማ ብቻ ነው። ቀሪው በማጠንከሪያው ክፍል ይረጋል። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ደርሶ እንኳ በስኳር የተያዘ ያልረጋ ውሃ ይኖራል። አይስክሬም በማንኪያ የሚቆረሰው ለዚህ ነው። በደንብ የተሠራ አይስክሬም የበረዶ ክሪስታሎቹ ከ30 እስከ 50 ማይክሮን ይሆናሉ። ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። ከ50 እያለፈ ሲሄድ ምላስ ያውቀዋል።

ሱቅ ውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። መብራት ይጠፋል። ወይም ባለሱቁ ቆጣሪ እንዳይቆጥርበት ማታ ማታ ፍሪዘሩን ይነቅላል። አይስክሬሙ አይቀልጥም፤ ግን ይላላል። በዚያች ሰዓት ትናንሾቹ ክሪስታሎች ይሟሟሉ። ብርዱ ሲመለስ ውሃው አዲስ ትናንሽ ክሪስታል አይሠራም፤ ከተረፉት ትልልቆቹ ላይ ይለጠፋል። ይህ አሥር ጊዜ ሲደጋገም ትልልቆቹ ብቻ ይቀራሉ። ከላይ የሚታይ ነገር የለም። ኩባያው እንዳማረበት ነው። ባለሱቁ «ኧረ ምንም አልቀለጠም» ቢልዎት እውነቱን ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መለካት ነው። ሙቀት እየመዘገበ የሚያስቀምጥ ትንሽ ቴርሞሜትር ይግዙ። ሦስት ወይም አራት ቢሆን ጥሩ ነው። አምስት ሱቆችን ይምረጡ፤ ሁለቱ ቅሬታ የበዛባቸው ይሁኑ። ቴርሞሜትሩን ግድግዳው ላይ አይለጥፉት፤ በኩባያዎቹ መካከል ይቅበሩት። በየሱቁ ተራ በተራ ለአንድ ሳምንት ይተዉት። የሚያዩት ያስደነግጥዎታል። እኔ እንዲህ ዓይነት ፍተሻ በሠራሁባቸው ሱቆች አይስክሬም ፍሪዘር ውስጥ ሥጋ፣ ዓሣ፣ ለመቀዝቀዝ የገባ ለብ ያለ የውሃ ጠርሙስ አግኝቻለሁ። ባለሱቁን መቆጣት ዋጋ የለውም። ፍሪዘሩ የእሱ ነው፤ የመብራት ሒሳቡም ከእሱ ኪስ ነው። በቁጥር አስደግፈው ሲያሳዩት ግን ይሰማል። የተበላሸ ምርት ለእሱም ኪሳራ ነውና።

ሁሉንም ሱቅ ማስተካከል አትችሉም። መብራቱን ደግሞ ጨርሶ አትችሉም። ስለዚህ ፎርሙላውና አሠራሩ መንገዱን እንዲችል መደረግ አለበት። ስታቢላይዘሩ ስንት ነው? ከ0.2 እስከ 0.5 በመቶ ባለው ውስጥ መሆን አለበት። ከስታቢላይዘር ዓይነቶች ጓር ጋም፣ ሎከስት ቢን ጋምና ጥቂት ካራጂናን ተቀላቅለው ሲገቡ ከአንዱ ብቻ የተሻለ ይሠራሉ። ድብልቁ ፓስቸራይዝ ከተደረገ (ጀርም እንዲሞት በተወሰነ ሙቀት ለተወሰነ ጊዜ ከተሞቀ) በኋላ በ4 ዲግሪ ቢያንስ 4 ሰዓት፣ ከተቻለ ሌሊቱን ያድራል? ብዙ ትናንሽ ማምረቻዎች ትእዛዝ ሲበዛ ይህን ማሳደር ይዘሉታል። ቅባቱ ሳይጠነክር፣ ጋሙ ውሃውን ሳይጠጣ ማሽን ውስጥ ይገባል።

ሁለት ነገር ደግሞ በዓይንዎ ይዩ። አንደኛው የማሽኑ ቢላዋ ነው። ከሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ በረዶውን የሚፍቀው እሱ ነው። ከደነዘ በረዶው ግድግዳው ላይ ይወፍራል፤ ቅዝቃዜው ወደ ድብልቁ አይደርስም፤ ክሪስታሉም ገና ከመነሻው ትልቅ ሆኖ ይወለዳል። መጨረሻ የተሳለው መቼ ነው? ሁለተኛው ማጠንከሪያው ነው። የተሞሉትን ኩባያዎች ወዲያው ካርቶን ውስጥ ደርድረው ዲፕ ፍሪዘር የሚከቱ ከሆነ መሃል ያሉት እስኪጠነክሩ አንድ ቀን ሊፈጅ ይችላል። ካርቶን ብርድ አያስገባም። ኩባያዎቹን አየር በመካከላቸው እንዲያልፍ አራርቀው በትሪ ያጠንክሯቸው። ካርቶን ውስጥ የሚገቡት መሃላቸው ከዜሮ በታች 18 ሲደርስ ነው። ይህ አንድ ሳንቲም የማያስወጣ ማሻሻያ ነው። እኔ ካየኋቸው ለውጦች ሁሉ ከፍተኛ ውጤት ያመጣውም እሱ ነው።

የድሬዳዋው መጉደል ግን ሌላ ታሪክ አለው። ደንበኞቹ ሲከሷችሁ አዝኛለሁ፤ ምክንያቱም አላጎደላችሁም። አይስክሬም ውስጥ አየር አለ። ድብልቁ በእጥፍ ከተነፋ የኩባያው ግማሽ አየር ነው። እናንተ ያንን አየር የምታስገቡት ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ ሆናችሁ ነው። አዳማ 1,700፣ ድሬዳዋ ደግሞ 1,200 ሜትር አካባቢ ናቸው። የድሬዳዋ የአየር ግፊት ከአዲስ አበባው በ15 በመቶ ገደማ ይበልጣል። አይስክሬሙ ጠንካራ ሆኖ ከተጓዘ መዋቅሩ ይቋቋመዋል። መንገድ ላይ ከላላ ግን የውጪው ግፊት አረፋዎቹን ይጨመቃቸዋል። አይስክሬሙ ከኩባያው ግድግዳ ይላቀቅና ወደ ታች ይወርዳል። ክብደቱ አንድ ግራም አልጎደለም። የወረደው አየሩ ነው። ከቆላ ወደ ደጋ የሚመጣ አይስክሬም ደግሞ የተገላቢጦሹ ይደርስበታል። ያብጥና ክዳኑን ይገፋል።

መፍትሔው ሁለት ነው። ወደ ቆላ የሚሄደውን አየሩን ቀንሱለት፤ መኪናው ላይም እንዳይላላ አድርጉ። አየሩን መለካት ቀላል ነው። አንድ ኩባያ ድብልቅ ይመዝኑ። ያንኑ ኩባያ አይስክሬም ሞልተው ይመዝኑ። ልዩነቱን ለአይስክሬሙ ክብደት አካፍለው በ100 ያባዙ። አንድ ሊትር ድብልቅ 1,100 ግራም ቢመዝን አንድ ሊትር አይስክሬም 550 ግራም ከሆነ 100 በመቶ ተነፍቷል ማለት ነው። 611 ግራም ከሆነ 80 በመቶ ነው። ለድሬዳዋ ከ70 እስከ 80 ባለው ጀምረው ይሞክሩ። ይህ ሚዛን በየባቹ (በአንድ ዙር በሚመረተው ሁሉ)፣ በየግማሽ ሰዓቱ መሠራት ያለበት ነው። ኩባያው ላይም ከሚሊ ሊትሩ ጎን ግራሙን ይጻፉ። ያን ጊዜ ደንበኛው ራሱ መዝኖ ያምናል።

አሁን የሚያሳስበኝን ልናገር። እርስዎ ያልጠየቁኝ ነው። ሲሻክር ደንበኛ ያማርራል። የሚያሳምም ባክቴሪያ ሲገባ ግን አይስክሬሙ ጣዕሙ አይለወጥም።

በ1994 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አሜሪካ ውስጥ ሽዋንስ የተባለው ኩባንያ አይስክሬም 224,000 ያህል ሰዎችን ሳልሞኔላ በተባለ ባክቴሪያ አሳመመ። ድብልቁ በትክክል ፓስቸራይዝ ተደርጎ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን የተጓጓዘው ቀደም ሲል ፓስቸራይዝ ያልተደረገ ፈሳሽ እንቁላል በጫነ ቦቴ ነው። ፋብሪካ ደርሶ ድጋሚ አልተሞቀም። ሌላው ብሉ ቤል ነው፤ የቴክሳስ ኩባንያ። በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 ምርቱን ሁሉ ከገበያ ሰበሰበ። ሊስቴሪያ የተባለው ባክቴሪያ በአራት ግዛቶች አሥር ሰዎችን አሳመመ፤ ሦስቱ ሞቱ። ከሁሉ የሚያሳዝነው አንዱ ፋብሪካ ከ2013 ጀምሮ ከወለሉና ከዕቃው ላይ በወሰደው ናሙና የሊስቴሪያን ምልክት ደጋግሞ አግኝቶ እንደነበር ኋላ መታወቁ ነው። ውጤቱ ነበረ። ሥራ የሚያስቆም ሰው ግን አልነበረም። በ2020 ኩባንያው ጥፋተኝነቱን አምኖ 17.25 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ።

ሁለቱም የሚያሳዩት አንድ ቦታ ነው። አደጋው ያለው ከፓስቸራይዜሽን በኋላ ነው። ሊስቴሪያ በ4 ዲግሪ ይራባል። በበረዶም አይሞትም። የሚወደው እርጥብ ወለልን፣ የፍሳሽ ቀዳዳን፣ የማሽን ጎማን ነው። ወለሉን በኃይለኛ ጎማ ውሃ ሲያጥቡ ከቀዳዳው የተነሣው ፍንጣቂ ክፍት በርሜል ውስጥ ይገባል። ስለዚህ እየሞላችሁ ወለል አትጠቡ። ከፓስቸራይዜሽን በኋላ የሚገባ ፍራፍሬ፣ ለውዝና ብስኩት ደግሞ ከእንግዲህ ሙቀት አያገኘውም። ንጹሕ ሆኖ መግባት አለበት። የንጽሕና ጉድለትን የሚያመለክተውን የኮሊፎርም ባክቴሪያ ምርመራ በየሳምንቱ ያሠሩ። ውጤቱ ከፍ ካለ ከፓስቸራይዜሽን በኋላ የሆነ ቦታ ብክለት ገብቷል ማለት ነው። የት እንደሆነ ፈልጎ ማግኘት የቅጥረኛው ሥራ ነው።

ፓስቸራይዜሽኑም ቢሆን በቴርሞሜትርና በሰዓት ይረጋገጥ። የአይስክሬም ድብልቅ ቅባትና ስኳር ስላለበት ከተራ ወተት የበለጠ ይፈልጋል። ለተራ ወተት 63 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ይበቃል። ለድብልቁ 69 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ነው። «አፍልተነዋል» የሚባለው መልስ አይበቃም። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ መፍላቱ የሚነግርዎት የድስቱን ጠርዝ እንጂ የመሃሉን አይደለም።

ሥራ ስጀምር የነበርኩበት አንድ ማምረቻ የፓስቸራይዜሽን መዝገብ ነበረው። በየቀኑ ይሞላል። በየቀኑ 69፣ 69፣ 69። አንድ ቀን መዝገቡን ወደ ኋላ ገልብጬ አየሁት። የወር ጽሑፍ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ፣ በአንድ ተቀምጦ የተጻፈ ነበር። ከሥሩ የእኔ ፊርማ አለ። ቴርሞሜትሩን ከበረዶ ውሃ ጋር ሳነጻጽረው በ4 ዲግሪ ከፍ አድርጎ ያነብ ነበር። ማለትም 69 ሲል 65 ነው። ማንም ሳይታመም መታረሙን እስካሁን አመሰግናለሁ። ከዚያ ወዲህ መዝገብ ላይ የማየው ቁጥሩን ብቻ አይደለም። እውነተኛ መዝገብ ይወላገዳል። አንድ ቀን 69.5፣ አንድ ቀን 71፣ አንድ ቀን «መብራት ጠፍቶ ተቋረጠ፣ ድጋሚ ተጀመረ» ይላል። ሁልጊዜ ቀጥ ያለ መዝገብ ካዩ ይጠርጥሩ።

ስለ ወተቱ አንድ ነገር ብቻ ልበል። በላክቶሜትር ውሃ እንዳልተጨመረበት፣ በአልኮል ፍተሻ ደግሞ መኮምጠጥ እንዳልጀመረ በየቀኑ ይፈተሽ። አፍላቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ ግን በሁለቱም አይታይም፤ ሙቀትም አያጠፋውም። ላሟ በሻገተ ፋጉሎ ስትመገብ ወደ ወተቱ ይገባል። የኑግ ፋጉሎ በተለይ ያሰጋል። ወተት የሚያመጡላችሁን ገበሬዎች መኖውን የት እንደሚያስቀምጡት ሄዳችሁ እዩ። ከፍተኛ ወጪ አይጠይቅም፤ የግማሽ ቀን መንገድ ነው።

ወደ ጾሙ እንምጣ። ሐሳባችሁን በጣም ወድጄዋለሁ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ረቡዕና ዓርብ በየሳምንቱ አለ። ነቢያት፣ ሐዋርያት፣ ፍልሰታ ሲጨመሩ ከዓመቱ ግማሽ የሚጠጋው ጊዜ ለእናንተ የሞተ ወቅት ነው። የጾም አይስክሬም ያንን ይሞላል። ግን ከፎርሙላችሁ ወተቱን አውጥቶ የአኩሪ አተር ወተት መተካት አይሠራም። ብዙዎች እዚያ ላይ ይወድቃሉ።

ምክንያቱ ይህ ነው። የወተት ቅባት በ4 ዲግሪ ሲያድር ከፊሉ ይጠነክራል። አየሩን አቅፎ የሚይዘው ያ የጠነከረ ቅባት ነው። የሱፍ ዘይት ወይም የኑግ ዘይት በዚያ ብርድ ፈሳሽ እንደሆነ ይቀራል። አይነፋም፤ ቶሎ ይቀልጣል። የኮኮናት ዘይት ግን በ24 ዲግሪ ገደማ ይረጋል። ስለዚህ ቅባቱ ኮኮናት ይሁን፤ ጣዕሙ ደግሞ ከእኛው ይምጣ። ሱፍ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ተጨምቆ የሚወጣውን ነጭ ውሃ እናቶቻችን ከድሮ ጀምሮ ለፍትፍት ያዘጋጁታል። ሐበሻ የጾም ጣዕም አድርጎ ያውቀዋል። በኮኮናት ቅባት ላይ የሱፍ ውሃና ጠንከር ያለ ቡና ቢገባበት የውጪ ቅጂ አይመስልም። ተልባም አለ። ውሃ ውስጥ ሲያድር የሚያወጣው ዝልግልግ ነገር ራሱ ጋም ነው። ስታቢላይዘሩን በከፊል ሊተካ ይችላል፤ ለመሞከር የሚያጓጓ ነው። የወተት ስኳርና ፕሮቲን ሲወጣ ጠጣሩ ስለሚጎድል ግሉኮስ ሽሮፕ መጨመሩ ግድ ነው። አለዚያ እንደ ጀላቲ ድርቅ ይላል። ቅባት የሌለው የማንጎ ሶርቤም ጎን ለጎን ይሞክሩ። ለመሥራት ይቀላል፤ ወጪውም ትንሽ ነው።

አሁን የጥራቱ ሥራ ከዚህ ጋር ይገናኛል። የጾም ምርት ከወተቱ ጋር በአንድ ማሽን ነው የሚወጣው። የሚጾም ሰው «የጾም» የሚለውን ቃል አምኖ ነው የሚበላው። ይህ እምነት ነው። ወተት አለርጂ ያለበት ሕፃን እናትም ያንኑ ኩባያ ልትገዛ ትችላለች። ስለዚህ የጾሙ ሁልጊዜ ከሙሉ እጥበት በኋላ፣ ጠዋት መጀመሪያ ይመረት። ከወተት ምርት በኋላ በውሃ አለቅልቆ መቀጠል ክልክል ይሁን። ኢመልሲፋየሩ (ቅባትና ውሃን የሚያዋህደው ግብዓት) ከእንስሳ ስብ ወይም ከዕፅዋት መሆኑን ከአቅራቢው በጽሑፍ ይጠይቁ። ከእንስሳ የሚገኘው ጀላቲን የሚገባበት ነገር ካለ ይውጣ። ቀይ ቀለሙ ካርሚን ከሆነ ከነፍሳት የሚወጣ ነውና እሱም ይውጣ። ለውዝና ሰሊጥ ካለ በግልጽ ይጻፍ።

ቅምሻውንም በሥርዓት አድርጉት። «እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ አይሆንም። አለቃ ሲያቀርብ ሁሉም «አሪፍ ነው» ይላል። ሦስት ኩባያ ያቅርቡ፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት፣ አንዱ የተለየ። «የተለየው የትኛው ነው?» ብለው ይጠይቁ። አሥራ ሁለት ሰው ቢቀምስ በግምት ብቻ አራቱ ያገኙታል። ስምንትና ከዚያ በላይ ካገኙት ልዩነቱ እውነት ነው ብለው ይቀበሉ። የዱቄት ወተቱን ሲቀንሱ፣ ጋሙን ሲለውጡ ይህን ያድርጉ። ቀጥታ ከዲፕ ፍሪዘር አያቅምሱ፤ ከዜሮ በታች 12 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ጣዕሙ ይወጣል። የወተቱን ምርት ረቡዕና ዓርብ አታቅምሱ። የሚጾም ሠራተኛን «አንድ ማንኪያ ብቻ» ማለት አይገባም። በረመዳንም እንዲሁ።

እያንዳንዱ አዲስ ምርት ደግሞ ክፉ ሳምንት ይለፍበት። ግማሹን ኩባያ በደህና ፍሪዘር ያስቀምጡ። ግማሹን በየቀኑ ለ30 ደቂቃ ጠረጴዛ ላይ አውጥተው ይመልሱ። ከሰባት ቀን በኋላ በሦስቱ ኩባያ ዘዴ አወዳድሩ። እንዳይለይ የሆነው ሱቅ ይሂድ። የተለየው ወደ ፎርሙላው ይመለስ።

ጊዜውን በተመለከተ ለዐቢይ ጾም የሚወጣ ምርት ጥር ላይ አይጀመርም። ሦስት ወር ሱቅ ይቆያል ልትሉ ከሆነ ሦስት ወር አስቀምጣችሁ ማየት አለባችሁ። መስከረም ላይ ጀምሩ። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል። ያን ጊዜ ለአምስት ሱቆች ብቻ አንድ ጣዕም አውጡ። ደንበኛ ምን እንዳለ ባለሱቁን በየሳምንቱ ጠይቁ። ለዐቢይ ጾም የሚገባው ከዚያ የተረፈው ነው።

ስለ ቅጥሩ ልጨርስ። ከሐዋሳ፣ ከባሕር ዳር፣ ከሐረማያ በምግብ ሳይንስ ወይም በምግብ ምህንድስና የተመረቁ ወጣቶች አሉ። ለቃለ መጠይቅ ሁለት ኩባያ ይዘው ይግቡ። አንዱ በበረዶ የሻከረ፣ አንዱ በላክቶስ የሻከረ ይሁን። ያቅምሱና ልዩነቱን ይጠይቁ። ባያውቁት እንኳ እንዴት እንደሚያስቡ ያያሉ። ከዚያ ይህን ይጠይቁ። «ኮሊፎርሙ ከፍ ብሏል፣ መኪናው ተጭኗል፣ እኔ ይሂድ ብያለሁ። ምን ታደርጋለህ?» የሚያቅማማውን አይቅጠሩ። የተቀጠረው ሰው ተጠሪነቱ ለእርስዎ ይሁን፤ ለምርት ኃላፊው አይሁን። ምርት የሚያስቆም ሥልጣኑም በጽሑፍ ይሰጠው። ባለቤትዎም ይፈርሙበት።

ሰው እስክታገኙ ድረስ በዚህ ሳምንት ሊጀመር የሚችለው ይህ ነው። በየኩባያው ላይ ቀንና ባች ቁጥር ይታተም። ከየባቹ ሁለት ኩባያ ለይታችሁ አስቀምጡ። ቅሬታ ሲመጣ የተቀመጠውን አውጥታችሁ ከሱቅ ከመጣው ጋር ጎን ለጎን ቅመሱ። ሁለቱም ከሻከሩ ችግሩ እቤት ነው። የሱቁ ብቻ ከሻከረ መንገድ ላይ ነው። የዱቄት ወተቱን ሒሳብና የአምስቱን ሱቆች የሙቀት መዝገብ ይዘው ከተመለሱ ፎርሙላውን አብረን እናየዋለን።